የመንገደኛ ጾርና የሰው አደራ

ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለስብከት ባሰማራቸው ጊዜ ከረጢት፥ ስንቅና ትርፍ ልብስ ሳይዙ እንዲወጡ አዝዟቸው ነበር፤ በሕማሙ ዋዜማ ግን፥ ወንጌላዊው ሉቃስ እንደ መዘገበው፥ ያንኑ የቀድሞውን ትእዛዝ ራሱ አስታውሶ ኮረጆም ከረጢትም ያለው ከእንግዲህ ይዞ እንዲሄድ ነገራቸው። ችኩል አንባቢ ሁለተኛው ቃል ፊተኛውን የሻረ ይመስለዋል። ሥርዓቱን የለወጠው ግን የመንገዱ ጠባይ ነው፤ በመጀመሪያው ጉዞ የሚገቡት በራሳቸው ወገን መካከል፥ ደጁን ከፍቶ እግራቸውን አጥቦ በሚቀበላቸው ሰው ቤት ነበርና ስንቅ ቢይዙ አስተናጋጁን መጠራጠር ይሆንባቸው ነበር፤ በሁለተኛው ግን የሚጠብቃቸው የሚገፋቸው ዓለም ነበር። እንግዲህ መንገደኛ ምን ያህል ይያዝ የሚለው ጥያቄ፥ ከሁሉ አስቀድሞ በወዲያኛው ጫፍ ማን ይቀበለዋል የሚል ጥያቄ ነው፤ ይህንንም ማንም የፍልስፍና መምህር ሳያስተምራቸው የመካነ ሰላም እናቶች ጠንቅቀው ያውቁታል።

በእነዚያ የምዕራብ ወሎ ደጋዎች፥ በአንድ ወገን የዓባይ በረሃ፥ በሌላው ወገን የበሽሎ ገደል በሚያዋስናቸው በቦረናና በሳይንት አገር፥ ልጁን ወደ ጂዳ፥ ወደ ቤይሩት፥ ወደ ዱባይ፥ ወይም ከዚያ ርቆ ወደ አሜሪካ የሸኘ ቤት ጥቂት አይደለም፤ ስለዚህም ከመንደሩ አንድ ሰው ሊሄድ ነው ተብሎ የተወራ እንደሆነ፥ ወሬው ከገበያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም፥ ከደጀ ሰላሙም እስከ መስጊዱ ግቢ ሳይውል ሳያድር ይደርስና፥ የተጓዡ ቤት ከመሄጃው ቀን አስቀድሞ በፌስታልና በጠርሙስ፥ በማዳበሪያና በቁራጭ ጨርቅ በተቋጠረ ነገር ይሞላል። ሽሮው፥ በርበሬው፥ ቆሎው፥ ዳቦ ቆሎው፥ የተነጠረው ቅቤ፥ ማሩ፥ ከግሸን ማርያም የመጣው ጠበልና እምነት፥ ለአራሷ የተፈጨው የአጥሚት እህል፥ ሁሉም «ትንሽ ናት» እየተባለ ይሰጣል፤ እውነትም እያንዳንዱ ትንሽ ነው፤ ድምሩን ግን ማንም አያስበውም፥ ድምሩ የማንም አይደለምና።

መካነ ሰላም በዓለም አቀፍ የአየር ማረፊያዎች መዝገብ ኤም ኬ ኤስ የሚል የሦስት ፊደል ምልክት የተሰጣት ከተማ ብትሆንም፥ ወደ ውጭ የሚወጣው ሰው መንገዱን የሚጀምረው በአብዛኛው በመኪና ነውና ይህ ሁሉ ቋጠሮ መጀመሪያ የሚወጣው ወደ አውቶቡስ ጣሪያ ነው። በዚያ ሒሳቡ የሚያልቀው በቃል ነው፤ ረዳቱ ዋጋ ይጠራል፥ ባለ ጭነቱ ይከራከራል፥ ሽማግሌ ይገባል፥ በመጨረሻም አንዱ ሲስቅ ሌላው ሲያጉረመርም ዕቃው ይታሰራል። ቦሌ ሲደርሱ ግን ዕቃው ከማይከራከር ሚዛን ላይ ይቀመጣል።

እንግዲህ አንዲት ወይዘሮ፥ ባሕር ማዶ ወልዳ የተኛችውን ልጇን ልታርስ የምትሄድ እናት፥ በዚያ ሚዛን ፊት ቆማለች እንበል። ሠራተኛዋ በትሕትና «እማማ፥ 6 ኪሎ ትርፍ አለዎት» ትላታለች፤ ሻንጣው በወለሉ ላይ ይከፈታል፤ ከወገኖቿ የተቀበለችው አደራ 9 ኪሎ ያህል ነው፥ የቀረው የራሷና የአራስ ልጇ ነው። ምኑ ይውጣ? የራስን አውጥቶ የሰውን ማድረስ ጽድቅ ነውን? የሰውን አውጥቶ የራስን መያዝስ ክዳት ይባላልን? ወይስ ልጇ በላከችላት ገንዘብ ትርፉን ከፍላ የጎረቤቶቿን በርበሬ ከዋጋው በላይ በሆነ ክፍያ ታጓጉዘው? እኔ ይህን ጥያቄ የዘመናችንን ሰው በኅሊናው ፊት ከሚያቆሙት ጥያቄዎች እንደ አንዱ እቆጥረዋለሁ፤ የተረሳውም በወረፋው ከኋላ የቆሙት ሰዎች ስለሚቸኩሉ ብቻ ይመስለኛል።

መልሱን ከመፈለግ በፊት ሕጉ ስለ ምን እንደ ተሠራ ማወቅ ይገባል፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ሕግ ሁልጊዜ ግፍ ይመስላልና። አውሮፕላን የሚነሣው አየሩ ክንፉን ደግፎ ሲያነሣው ነው፥ የደጋ አየር ደግሞ ስስ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ በመሆኑ፥ ከዚያ የሚነሣ አውሮፕላን በባሕር ጠረፍ ካለ ማረፊያ ሊያነሣው የሚችለውን ያህል ክብደት ይዞ ሊነሣ አይቻለውም፤ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ በመካከል አርፎ ነዳጅ ሲሞላ፥ ሲመለስ ግን ሳያርፍ አዲስ አበባ ሲገባ የኖረው ስለዚህና ስለ ነፋሱ ነው። በሽሮ የተያዘ ክብደት ለነዳጅ የማይተርፍ ክብደት ነው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያ አውሮፕላን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲበር ይህ ሒሳብ ነበረ፥ ዛሬም አለ፤ የአብራሪውም የመጀመሪያ ፍርሃቱ የጭነቱ ብዛትና አቀማመጡ ነው።

ነገር ግን ከክንፉና ከነዳጁ ይልቅ ኅሊናን የሚነካ ሌላ ምክንያት አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በብዙ የውጭ አገር መስመሮቹ ለተራው ማዕርግ መንገደኛ የሚፈቅደው ሁለት ሻንጣ፥ እያንዳንዱም 23 ኪሎ ነው፤ ከ23 በላይ የሆነውን ሻንጣ ከፍሎ ማሳለፍ ይቻላል። ከ32 ኪሎ በላይ የሆነው ነጠላ ሻንጣ ግን በአብዛኛው ዓለም፥ ባለቤቱ የፈለገውን ያህል ለመክፈል ቢነሣ፥ እንዳለ አይወሰድለትም፤ ከፍቶ በሁለት እንዲያደርገው ወይም በዕቃ ጭነት ክፍል እንዲልከው ይነገረዋል። ይህ ለምን ሆነ? ሻንጣውን ከጋሪው ወደ አውሮፕላኑ ሆድ የሚያነሣው፥ በዚያ ጠባብ ስፍራ ተንበርክኮ የሚደረድረው ሰው ስላለ፥ የእርሱም ወገብ ስለሚቆረጥ ነው። ከ23 እስከ 32 ድረስ ገንዘብ ይናገራል፤ ከ32 በኋላ ገንዘብ ዝም ይላል፥ በዚያ የሰው ጀርባ አለና። በኦሪት ዘፀአት የጠላትህ አህያ እንኳ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብታየው አልፈኸው አትሂድ የሚል ትርጉም ያለው ሕግ ተጽፏል፤ ያ ሕግ ከወደቀ በኋላ አንሡ ይላል፥ ይህ ደግሞ ሳይወድቅ አትጫኑ ይላል። በዓለማዊ ድርጅት መመሪያ ውስጥ ርኅራኄን መፈለግ የዋህነት ነው የሚሉኝ ይኖራሉ፤ ሕጉን ያወጣው ሰው ስለ ጽድቅ ሳይሆን ስለ ካሳ ክፍያ አስቦ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ሸክም አንሺው ወገቡን ይዞ ወደ ቤቱ ከገባ ሕግ አውጪው ምን እንዳሰበ መመርመሩ ሥራ ፈትነት ነው።

ከዚህ ላይ ሰው በአለማወቅ ብቻ ገንዘቡን እንዳያጣ ጥቂት ነገር መናገር የግድ ነው። አንዳንዱ አየር መንገድ የሚቆጥረው ሻንጣውን ነው፥ ሌላው የሚመዝነው ድምሩን ነው፤ ቲኬቱ ላይ ምን እንደ ተጻፈ ሳያነብቡ በሰሚ ሰሚ መሄድ ነው ብዙውን ሰው የሚያስከፍለው። ሻንጣ በሚቆጠርበት ሥርዓት አንዱ 26፥ ሌላው 20 ቢመዝን ድምሩ 46 ነው፥ ከሁለት ጊዜ 23 አያልፍም፤ 26ቱ ግን ያስከፍላል፥ ባለቤቱም «ተካክሏል እኮ» እያለ ሲምል ይታያል። ድምር በሚመዘንበት ሥርዓት ግን አብረው የሚጓዙ ቤተሰቦች ክብደታቸውን በአንድነት ማስቆጠር የሚፈቀድላቸው ጊዜ ብዙ ነው። ቁመቱ፥ ወርዱና ከፍታው ተደምሮ ከ158 ሳንቲ ሜትር የሚያልፍ ሻንጣ ቀላል ቢሆንም እንደ ትርፍ ይቆጠራል፤ በእጅ የሚያዘውም በብዙዎቹ ዘንድ 7 ኪሎ ነው። መንገዱ በሁለት አየር መንገዶች የሚያልፍ ሆኖ ቲኬቱ አንድ ከሆነ በአብዛኛው አንድ ደንብ እስከ መጨረሻው ያደርሰዋል፤ ሁለት ልዩ ልዩ ቲኬት የገዛ ግን በመካከለኛው ማረፊያ ሌላ ሚዛንና ሌላ ክፍያ ይጠብቀዋል። ትርፉ አስቀድሞ የታወቀ እንደሆነም ከመሄጃው ቀን በፊት መክፈል በሚዛኑ ፊት ከመክፈል ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ከሁሉ የሚቀለው ግን ሽሮው በተፈጨበት ወፍጮ ቤት የእህሉ ሚዛን ቆሞ ሳለ ሻንጣውን በዚያው ወስዶ ማስመዘን ነው፤ ባዶው ሻንጣም ራሱ ጥቂት ኪሎ እንደሚበላ አይዘነጋ። ቅቤና ማር በእጅ ከተያዙ እንደ ፈሳሽ ተቆጥረው ከ100 ሚሊ ሊትር በሚበልጥ ዕቃ በአብዛኛው አያልፉም፤ ይህም በ2006 እ.ኤ.አ. በለንደን በተደረሰበት የሽብር ሤራ ምክንያት የመጣ ነው። የስልክ መሙያው ባትሪ ደግሞ በተቃራኒው ከእጅ እንጂ ከሻንጣ አይገባም።

ወደ አደራው እንመለስ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት በስድስተኛው ምዕራፍ፥ ምእመናን አንዳቸው የሌላውን ሸክም እንዲሸከሙ ያዝዝና፥ ጥቂት ዝቅ ብሎ እያንዳንዱ የገዛ ራሱን ሸክም እንደሚሸከም ይናገራል። ሁለቱን ቃላት በቦሌ ወለል ላይ በተከፈተው ሻንጣ አጠገብ ያነበበ ሰው መደናገሩ አይቀርም። እኔ ግን የሐዋርያውን ሐሳብ ከቃሉ ይልቅ ከሥራው መማር ይሻለኛል። ወደዚህ ዓለም ምንም ይዘን እንዳልመጣን፥ ምንም ይዘንም እንደማንወጣ ለጢሞቴዎስ የጻፈው ይኸው ጳውሎስ፥ በመጨረሻው እስራቱ ሳለ ለዚያው ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት በጢሮአዳ ከአክርጳ ዘንድ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን፥ ይልቁንም ብራናዎቹን፥ ሲመጣ ይዞለት እንዲመጣ ይለምናል። ክረምቱ ቀርቦ ነበር፥ ወኅኒውም ይበርዳል። ዓለምን የናቀ ሐዋርያ የተቀመጠበትን ብርድ አልናቀም፤ ስለ በርኖሱ ሰውን ማስቸገሩንም እንደ ነውር አልቆጠረም። ነገር ግን የጠየቀውን እንመልከት፤ በስም የታወቀ ዕቃ፥ በስም ከታወቀ ሰው ዘንድ፥ ወደዚያው ለሚመጣ ሰው፥ ላኪውና ተቀባዩ አንድ ሆኖ ነው የጠየቀው። ለኢየሩሳሌም ድኾች የተሰበሰበውን ገንዘብ በሚያደርስበት ጊዜ ደግሞ፥ ምእመናኑ ራሳቸው የመረጧቸው ሰዎች ደብዳቤ ይዘው አብረው እንዲሄዱ አድርጓል፤ ማንም በዚህ ነገር እንዳይነቅፈው መጠንቀቁንም ራሱ ጽፏል። ታላቁ ሐዋርያ አደራን ያለ ምስክር አልተሸከመም።

የእኛ አገር ልማድ በዚህ ላይ ሳይታመም አልቀረም። የተሰፋ ማዳበሪያ ሲሰጡን መክፈት ጎረቤትን መጠርጠር መስሎ ስለሚታየን እንደ ተሰፋ እንቀበለዋለን፤ በአየር ማረፊያው ግን ሻንጣህን ራስህ ነህ ያዘጋጀኸው፥ ማንስ ያስያዘህ ነገር አለ ተብለን ስንጠየቅ፥ ወይ እንዋሻለን ወይ እናፍራለን። በሳውዲ ዐረቢያና በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፥ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህም በብሪታንያ፥ ጫት እንደ አደንዛዥ ዕፅ የተከለከለ ነው፤ ቋንጣና ቅቤ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በመንገደኛ ሻንጣ መግባት አይፈቀድላቸውም፤ ወደ አሜሪካም ቋንጣ አይገባም። ላኪው ይህን ሳያውቅ በቅን ልቡ የሰጠው ቋጠሮ ተሸካሚውን በባዕድ ፖሊስ ፊት ያቆመው ይሆናል፤ በዚያች ሰዓት አደራው የማን ነው ቢባል ሕጉ የሚያውቀው ሻንጣውን የያዘውን ብቻ ነው፥ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም ይሸከማል የሚለው ቃል በዚያ በሙሉ ክብደቱ ይፈጸማል። ስለዚህ ቋጠሮውን በላኪው ፊት መፍታት፥ አይቶም በላኪው ፊት መልሶ መቋጠር፥ እኔ እንደሚመስለኝ አደራውን ማክበር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፥ እኔም ቀላል ነው ብዬ አላልፈውም። የእናት ፍቅር በኪሎ ሊለካ ነውን? የበላዔ ሰብእን ታሪክ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሰማ የወሎ ክርስቲያን፥ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ቅዳሴ ያስቀደሰ ሰው፥ 78 ነፍስ ያጠፋው ያ ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ሚዛኑ እንዳደላለት ያውቃል፤ ሙስሊሙ ጎረቤቱም በዕለተ ትንሣኤ ቅንጣት ታህል በጎ ሥራ በሚዛን እንደምትገኝ ያምናል። ውኃው ክብደት አልነበረውም፥ ጥሙ ግን ነበረው። በዚያ ሚዛን ያች የአጥሚት ቋጠሮ ስንት ትመዝን እንደ ነበር እኔ አልናገርም። ደግሞም ወገኖቻችን ከበርበሬው ጋር የማይመዘን አደራም ይልካሉ፤ ወደ ኢየሩሳሌም ለሚሄደው የክርስትና ስማቸውን በጸሎት እንዲያነሣ፥ ወደ መካ ለሚሄደው በዱዓው እንዲያስባቸው ይሰጡታል፤ ሐጃጁ ሲመለስ የሚያመጣውን የዘምዘም ውኃ ብዙ አየር መንገዶች እስከ 5 ሊትር ያህል ከተፈቀደው ክብደት ውጭ ማሳለፋቸው፥ የንግድ ሚዛንም አንዳንድ ጊዜ ለሌላው ሚዛን ጎንበስ እንደሚል ያሳያል። ነገር ግን ከተቃውሞው ጋር የማልስማማበት ነገር አለ። በላዔ ሰብእ የሰጠው የራሱን ውኃ ነው፥ የተሸከመውም ራሱ ነው። በሰው ጀርባ የተላከ ፍቅር ዋጋውን ላኪው አልከፈለውም፤ የከፈለው ተሸካሚው ነው፥ ከእርሱም በታች ስሙን የማናውቀው ሸክም አንሺ ነው።

የሕግ ታሪክም በዚህ ላይ የሚያስተምረው አለው። በ1929 እ.ኤ.አ. በዋርሶ የተፈረመው የአየር ማጓጓዝ ስምምነት የጠፋ ሻንጣን ካሳ የሚተምነው በኪሎ ነበር፥ ለእያንዳንዱ ኪሎ 250 የወርቅ ፍራንክ፤ ድንጋይ የሞላበት ሻንጣ ብራና ከያዘው ይበልጥ ነበር ማለት ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ግን ኪሎውን ትቶ ሰውን ቆጠረ፤ የካሳው ጣሪያ ዛሬ ለአንድ መንገደኛ 1,519 የዓለም የገንዘብ ድርጅት መቁጠሪያ ነው፥ ሻንጣው ቢከብድም ቢቀልም። ስለ ተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀን፥ ስለ ዘገየ ደግሞ በተረከቡት በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል፤ በ21 ቀን ያልመጣም እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ይህ ካሳ የሚሰጠው ለመንገደኛው ነው፥ በመካነ ሰላም ቁጭ ብላ ማሯን ለላከችው ጎረቤት አይደለም፤ ስለዚህ ካሳ የተቀበለ ተሸካሚ ከዚያው ላይ የአደራውን ድርሻ ሊከፍል በኅሊናው ይገደዳል፥ ይህንንም ሲያደርግ ያየሁት ሰው ብዙ አይደለም።

አሁን በሚዛኑ ፊት ለቆመችው እናት እንፍረድ። በመጀመሪያ የሚወጣው የራሷ ትርፍ ልብስና በዚያ አገር ሱቅ የሚገኝ ነገር ሁሉ ነው፤ አደራውን እሺ ብላ ተቀብላለችና ለራሷ ምቾት ብላ ልትተወው አይገባም። ለአራሷ የሚያስፈልገው ግን ከጎረቤት አደራ ይቀድማል፤ የአራስ ችግር ቀጠሮ አይሰጥም፥ ላኪዎቹም ወላድ ናቸውና ይህን ቢጠየቁ እንቢ አይሉም። ይህም ሁሉ ሆኖ ያልበቃ እንደሆነ አደራው ይመለስ እንጂ አይጣል። የእስልምና ታሪክ እንደሚነግረን ነቢዩ ሙሐመድ ከመካ ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ፥ ሰዎች ያስቀመጡባቸውን ንብረት ለየባለቤቱ እንዲመልስ ዓሊን ወደ ኋላ ትተውት ሄደዋል፤ ለነፍሱ የሚሸሽ ሰው እንኳ አደራን በመመለስ ይወጣዋል፥ መሸከሙ ብቻ አይደለም መንገዱ። በቦሌ ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም፥ ከበር ተሰናብቶ ይመለሳል፤ ስለዚህ ሻንጣው ተመዝኖ እስኪያልፍ ድረስ ከውጭ ሆኖ ስልኩን እየጠበቀ እንዲቆይ አስቀድሞ መንገር፥ የተቋጠረውም ሁሉ የላኪው ስም እንዲጻፍበት ማድረግ ያስፈልጋል።

ክፍያውስ? እናቲቱ መንገዷን ስታስወራ፥ ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ኪሎ ብቻ እቀበላለሁ ብላ ተናግራ እንደሆነ፥ ከዚያ በላይ ያመጣው ሰው የትርፉን ዋጋ ሊከፍል ይገባዋል፥ ወይም የበዛውን ይዞ ይመለስ፤ ሳትናገር ዝም ብላ የተቀበለች እንደሆነ ግን ክፍያው የራሷ ነው፥ ከተቀባዮቹም ልትጠይቅ አይቻላትም፥ እነርሱ ላኩልን አላሉምና። ይሉኝታ ይዟት መጠኑን መናገር ያልቻለች እናት ብትኖር፥ እርሷን ከይሉኝታ የማውጣቱ ሥራ የሸኚዎቿ ነው፤ ከመካከላቸው ፊቱ ደፈር ያለው አንዱ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ቆሞ፥ ቋጠሮ ይዞ የመጣውን ሁሉ በእህሉ ሚዛን ላይ ያሳርፈው።